ጨጓራ ማስቆረጥ፣ ባይፓስ፣ ባሉን፦ ክብደት ስለሚቀንሱ ቀዶ ጥገናዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የአመጋገብ ምክር እሰጣለሁ። ሰው ገና ሳይቀመጥ «ያቺ ኦፕራሲዮን እንዴት ናት?» ይለኛል። «የትኛዋ?» ስል ዝም። በከተማው ወሬ ሁሉም «ጨጓራዋን አስቆረጠች» ነው። ኦፕራሲዮኖቹ ግን ብዙ ናቸው፤ በአንዱ የሚፈቀደው በሌላው ይከለከላል። የምትበሉትም፣ የምትውጡት ኪኒንም፣ ሌሊት ሆዳችሁን ቢያማችሁ ሐኪሙ የሚፈልገው ነገርም የሚወሰነው በተሠራላችሁ ኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ ስሙን በትክክል ማወቅ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

ቦርጭ ከማስመጠጥ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ሊፖሰክሽን የሚባለው ከቆዳ ሥር ያለን ስብ በቱቦ መምጠጥ ነው። ቅርጽ ያስተካክላል እንጂ ረሃብ አይቀንስም፣ ስኳር በሽታም አያስታግስም። እዚህ የምናወራው ጨጓራን፣ አንዳንዴም ትንሹን አንጀት ስለሚነካው ሕክምና ነው። ብዙ ኪሎ ከቀነሰ በኋላ የተንጠለጠለ የሆድ ቆዳ ማስቆረጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ክብደቱ ከረጋ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚታሰብ ነው።

ለእኔ ይሆናል?

መጀመሪያ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚገኘው ቁጥር) ይሰላል። ክብደታችሁን በኪሎ ያዙ፣ ቁመታችሁን በሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ ክብደቱን ለእሱ አካፍሉ። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 110 ኪሎ የሆነች ሴት ቢኤምአይዋ 40 ገደማ ነው።

በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣው መመሪያ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ወይም ከ35 ጀምሮ ሆኖ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ይል ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ግን የዘርፉ የአሜሪካና የዓለም አቀፍ ማኅበራት አሻሻሉት። ቢኤምአይው 35 ከሆነ ሌላ ሕመም ባይኖርም ይመከራል። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል።

ቁጥሩ በር ይከፍታል እንጂ ብቻውን አይወስንም። የልብ፣ የሳንባ፣ የአእምሮ ጤና፣ የመጠጥና የሲጋራ ሁኔታም ይታያል። ለእህቷ ሰርግ 8 ኪሎ መቀነስ ለፈለገች ልጅ ይሄ ሕክምና አይደለም። ይህን ስነግራቸው የሚከፉብኝ አሉ፤ ቢከፉም እነግራቸዋለሁ።

ስሊቭ ምንድን ነው?

«ጨጓራ አስቆረጠ» የሚለው ወሬ በትክክል የሚገልጸው ይህን ነው። በሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተከፍተው በካሜራ እየታየ (ላፓራስኮፒ) ይሠራል። ሐኪሙ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ከሰውነት ያወጣል። የቀረው ረጅምና ቀጭን ቱቦ ነው። አንጀት አይነካም።

የወጣው የጨጓራ ክፍል ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረትበት ነው። ስለዚህ ሰውየው ቶሎ መጥገቡ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ አካባቢ የረሃብ ስሜቱ ራሱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው «ምግብ ትዝ አላለኝም» የሚለው ለዚህ ነው። ከጊዜ በኋላ ረሃቡ በመጠኑ ይመለሳል፤ እስከዚያ የአመጋገብ ልማድ መስተካከል አለበት።

ስሊቭ መጀመሪያ ላይ ራሱን የቻለ ሕክምና አልነበረም። በጣም ከባድ ክብደት ላላቸው ሰዎች የትልቁ ኦፕራሲዮን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ በእሱ ብቻ ጥሩ ስለቀነሱ ለብቻው ቀጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የተቆረጠው አይመለስም። ቃር ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያብስበት ይችላል፤ ያልነበረበትም ሊጀምረው ይችላል።

ባይፓስስ?

ስሙ ከልብ ባይፓስ ጋር ስለሚመሳሰል ዘመድ ይደነግጣል። ልብ አይነካም። ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አልፎ እንዲሄድ መንገዱን መቀየር ማለት ነው።

ሐኪሙ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይለያል። ግማሽ የቡና ስኒ አስቡ። ከዚያ ትንሹን አንጀት ይቆርጥና የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አምጥቶ ከከረጢቷ ጋር ይሰፋዋል። ምግብ በዚህ ይወርዳል። ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ደግሞ በሌላው የአንጀት ክፍል ይመጣሉ፤ ሁለቱ ዝቅ ብለው ይገናኛሉ። ይህን አገጣጠም በጨጓራ ሕክምና ያስተዋወቀው የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ሴዛር ሩ ነው። በሰነድ ላይ «ሩ ኤን ዋይ» የሚል ካያችሁ የእሱ ስም ነው። ባይፓስን ለክብደት መቀነሻ መሥራት የጀመረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሜሰን ሲሆን ጊዜው 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። በባይፓስ የተለየው ትልቁ ጨጓራ አይወጣም። ተዘግቶ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ አሲድም ማምረቱን ይቀጥላል። ነገር ግን በተለመደው ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባው የካሜራ ምርመራ) ሊታይ አይችልም፤ ካሜራው እዚያ የሚደርስበት ቀጥተኛ መንገድ የለውም። ጨጓራ ካንሰር በቤተሰብ ያለበት ሰው ይህን ከመወሰኑ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ሚኒ ባይፓስ ቀለል ያለው ነው?

«ሚኒ» የሚለው ያታልላል። አሜሪካዊው ሩትሌጅ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ነው። ከረጢቱ ረዘም ይላል፤ የሚገጣጠመው ቦታም ከሁለት ወደ አንድ ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ባለ አንድ መገጣጠሚያ ባይፓስ» የሚባለው። ለመሥራት ያጥራል፤ ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። የሚታለፈው አንጀት ረጅም ስለሆነ የቪታሚንና የብረት እጥረቱ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ሐሞት ወደ ላይ ተመልሶ የሚያስቸግራቸው ሰዎችም አሉ።

ቀለበት የሚያስሩትስ?

ባንድ ይባላል። ጨጓራው አናት ላይ የሚታሰር፣ ከቆዳ ሥር በተቀበረች መክፈቻ በመርፌ ውኃ እየተጨመረበት የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት ነው። ምንም ስለማይቆረጥ ተወዳጅ ነበር። ቀለበቱ ሲንሸራተት፣ ጨጓራ ውስጥ ሰርስሮ ሲገባ፣ ክብደቱም ሲመለስ ብዙዎች አስወጡት። አሁን አዲስ የሚያስገባ ጥቂት ነው።

ባሉንና «ያለ ቀዶ ስፌት» የሚባሉትስ?

ሁለቱም በአፍ በኩል የሚሠሩ ናቸው። ባሉን ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ይወጣል። ከወጣ በኋላ ክብደት መመለሱ የተለመደ ነው። የኢንዶስኮፒ ስሊቭ የሚባለው ደግሞ ጨጓራውን ከውስጥ በመስፋት ያጠበዋል፤ የሚቆረጥ የለም። የሚቀንሰው ከስሊቭ ያነሰ ነው። ማስታወቂያ ላይ «ስሊቭ» ብቻ ካነበባችሁ ጠይቁ፦ የሚቆረጠው ነው የሚሰፋው?

ሳዲ እና ስዊች የሚሉትን ሰምቻለሁ።

ዱዎዲናል ስዊች ስሊቭ ተሠርቶ በላዩ አብዛኛው ትንሹ አንጀት የሚታለፍበት ነው። ሳዲ በአንድ መገጣጠሚያ የቀለለ ዝርያው ነው። ክብደትም ስኳርም በመቀነስ ኃይለኞች ናቸው። ዋጋው ዕድሜ ልክ ጥብቅ የቪታሚን፣ የፕሮቲንና የደም ምርመራ ክትትል ነው። ክትትል ለሚከብደው ሰው እኔ አልመክርም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ለሁሉም የሚሻል የለም። ከባድ ቃር ካለ ሚዛኑ ወደ ባይፓስ ያደላል። ዓይነት 2 ስኳር ለረጅም ጊዜ ካለም እንደዚሁ። በየቀኑ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ፣ ወይም አንጀቱ ቀድሞ ተቀዶ የተጣበቀ ሰው ደግሞ ወደ ስሊቭ ሊያዘነብል ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባይፓስ ከሠራ መገጣጠሚያው ላይ ቁስለት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ልጨምር። የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) በጣም ተስፋፍቶ ነው ያለው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተመርምሮ መታከሙ ጥሩ ነው። «ጨጓራዬን ድሮም ያመኛል» ብላችሁ አትለፉት።

አንዱ ቦታ «67 በመቶ»፣ ሌላው «25 በመቶ» ይቀንሳል ይላል። ማንን ልመን?

ሁለቱም ስለ አንድ ሰው እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። ባለፈው አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው ሁለት ማስታወቂያ አሳዩኝ። «ይሄኛው ይሻላል አይደል?» አሉኝ ትልቁን ቁጥር እየጠቆሙ። ወረቀት ላይ አሰላንላቸው።

ያቺን 1.65 ሜትር፣ 110 ኪሎ የሆነች ሴት እንውሰድ። ለቁመቷ የጤናማው ጣሪያ 68 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ 42 ኪሎ ሆነ። 28 ኪሎ ቀነሰች እንበል። 28 ከ42 ሲታይ 67 በመቶ ገደማ ነው። 28 ከ110 ሲታይ ግን 25 በመቶ ገደማ ነው። ኪሎው ያው ነው። የመጀመሪያው «ከትርፍ ክብደት»፣ ሁለተኛው «ከጠቅላላ ክብደት» ይባላል። መቶኛ የነገራችሁን ሁሉ «ከምኑ?» በሉት። «በስንት ዓመቱ?» ብላችሁም ጨምሩ። የአንደኛው ዓመት ቁጥር ሁልጊዜ ያምራል።

ዳምፒንግ ምንድን ነው?

ከባይፓስ በኋላ ጣፋጭ ነገር በቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ ነው። ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ላብ ይፈስሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተኙ ተኙ ይላል። ሌላው ዘግይቶ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ፣ የደም ስኳር ወርዶ የሚያንቀጠቅጠው ነው። በስሊቭ ያነሰ ቢሆንም አይጠፋም።

ፒያሳ ጁስ ቤት ገብቶ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ በስኳር መጠጣት ትክክለኛው መጥሪያው ነው። «ፍራፍሬ እኮ ነው» ይሉኛል። ፍራፍሬውን በቁራሽ፣ ከምግብ ጋር ብሉት። ብርጭቆው ውስጥ የሶስት አራት ፍሬ ስኳር አንድ ላይ አለ። ዳምፒንግ ባይመጣባችሁ እንኳ ክብደት የሚመልሰው ይሄ የሚጠጣ ካሎሪ ነው። የአምቦ ውኃም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅር፤ ጋዙ ያስጨንቃል።

እንጀራ መቼ እበላለሁ? አጥሚትስ?

መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ሲሆን ወደ ተለመደው ምግብ ይመጣል። መርሐ ግብሩን የሚሰጣችሁ ቀዶ ሐኪማችሁ ነው። ቀጠን ያለ አጥሚት በፈሳሹ ጊዜ ይጠቅማል። ችግሩ አክስት ስትመጣ ነው፤ ቅቤና ማር አብዝታበት «ጠጪ እንጂ፣ ጉልበት ይሆንሻል» ትላለች። ሳይጣፍጥ፣ ሳይቀባ እንዲዘጋጅ ቀድማችሁ ንገሩ።

እንጀራ ሲጀመር ወጡ ይቅደም። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ምስሩ መጀመሪያ፤ እንጀራው ኋላ፣ በትንሹ። ሆዳችሁ የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ እንጀራው ቦታውን ከያዘው ፕሮቲን አይገባም። ለብዙ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይራቅ።

ጉርሻ ከባድ ነው። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ቀላሉ ዘዴ ራሳችሁ ቀድማችሁ ማጉረስ ነው፤ ከዚያ «አንድ ጠብታ ብቻ» ብላችሁ ትንሽ ትቀበላላችሁ። ትልቅ ጉርሻ ሳይታኘክ ከወረደ ደረት ላይ ቆሞ ያስጨንቃል፤ ማስመለስም ያመጣል። ለቅርብ ቤተሰብ እውነቱን መናገር ከሁሉም ያቀላል።

ፆምስ?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከልብ የሚጠየቅ ስለሆነም በጥንቃቄ ልመልስ። ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹም አሉ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር ካለ ይቻላል፤ ግን ታስቦበት ነው። በእንጀራና በድንች ብቻ ከሆነ ፕሮቲኑ አይሞላም፤ ጡንቻም ፀጉርም ይሄዳል።

ሁለተኛው እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ነው። ከባዱ ይሄ ነው። ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ውኃ በአንዴ መጎንጨት አይቻልም፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ መጠጣት አለበት። ግማሽ ቀን ካለፈ አይካካስም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አልመክርም። ሙስሊሞች በረመዳን የሚጠይቁኝም ያው ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ከቀጠሮው በፊት አነጋግሩ፤ ሐኪሙ የሰጣችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ቪታሚን እስከ መቼ?

ዕድሜ ልክ። ሙልቲቪታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም ከቪታሚን ዲ ጋር ዋናዎቹ ናቸው። መጠኑ በኦፕራሲዮኑ ዓይነት ይለያያል፤ የደም ምርመራም ይወስነዋል። ብረትና ካልሲየም አንድ ላይ አይዋጡ፤ እርስ በእርስ ይሻማሉ። ብረትን ከቡናና ከሻይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል አርቁት። ቡናውን ሳትተዉ በሰዓት መለየት በቂ ነው። ማስመለስ ከበዛና ምግብ አልረጋ ካለ ቶሎ ታከሙ፤ ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ሊያልቅና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ከ3 ወር በኋላ ፀጉር ቢረግፍ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ፋርማሲ ገብቼ የራስ ምታት ኪኒን ብገዛስ?

ፓራሲታሞል ይሻላል። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን እና መሰሎቻቸው ከባይፓስ በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ቁስለት ሊያመጡ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ ወገብ ታመመ ሲባል መጀመሪያ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ነው። «ባይፓስ ተሠርቶልኛል» ብላችሁ ጀምሩ። የስኳርና የግፊት መድኃኒትም በቀናት ውስጥ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በድሮው መጠን መቀጠል አደጋ አለው።

እርግዝና?

ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይ። ክብደት ሲወርድ እርግዝና ከበፊቱ ቶሎ ሊመጣ ስለሚችል መከላከያ ያስፈልጋል። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው ኪኒን በደንብ ላይሠራ ይችላል፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሻላል። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ለስኳር ምርመራ የሚጠጣውን ግሉኮስ ሲሰጧችሁ ባይፓስ መሠራታችሁን ተናገሩ። ዳምፒንግ ሊያመጣ ስለሚችል በሌላ መንገድ ይለካል።

አደገኛ ነው?

ልምድ ባለው ቡድን ሲሠራ የሞት አደጋው ከሺህ ሰው አንድ አካባቢ ነው። ያ ማለት የለም ማለት አይደለም። ዋናዎቹ ስፌቱ መፍሰስ፣ መድማትና እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄድ ናቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የሚብስ የሆድ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ማበጥ ካለ ነገን አትጠብቁ። ከባይፓስ በኋላ ዓመታት ቆይቶም አንጀት ሊጠማዘዝ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት «ጋዝ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ሰው «ምነው ከሳሽ?» ሲለኝ ምን ልበል?

እዚህ አገር መወፈር «ተመችቶሻል» ነው፤ መክሳት በሽታ ነው። በስድስት ወር 25 ኪሎ የቀነሰች ደንበኛችን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሴቶች ጥግ ይዘው ሲያንሾካሹኩባት ሰምታ እቤት ገብታ አለቀሰች። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ለማን ምን እንደምትሉ ከመሠራታችሁ በፊት ወስኑ። ለሁሉም ማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። «ሐኪም እየተከታተለኝ ነው፣ ደህና ነኝ» ይበቃል። አንድ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ግን ይኑራችሁ።

ውጭ አገር ሄጄ ብሠራስ?

ብዙዎች ቱርክና ህንድ ይሄዳሉ። የምፈራው ኦፕራሲዮኑን ብቻ አይደለም፤ ከተመለሱ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ሰው ይዘውልን የመጡት ወረቀት ላይ «የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል» ብቻ ይላል። ከታች ማኅተም አለ። ስሊቭ ይሁን ሚኒ ባይፓስ ማን ያውቃል? ደማቸው አንሷል፤ ምክንያቱን ለማግኘት ኢንዶስኮፒ ከዚያም ሲቲ ስካን አስፈለገ።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጠይቁ። የቀዶ ጥገናው ሙሉ ስም፣ ቀኑ፣ የከረጢቱ መጠን፣ ምን ያህል ሴንቲ ሜትር አንጀት እንደታለፈ፣ የወጣው ጨጓራ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የተሰጧችሁ መድኃኒቶች ይኑሩበት። ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይም፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ላይም አስቀምጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በ1ኛው ወር፣ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚያይዋችሁ ሐኪም ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ እሺ አስብሉ። እሺ የሚል ካላገኛችሁ ትኬቱን አትቁረጡ።